በትርፍ ጊዜዬ ቆዳ መስፋት እንዴት ጀመርኩ

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ወር ሰብሳቢያችን የገንዘብ መያዣዬን አይተው «ከየት ገዛሽው?» ሲሉኝ «ራሴ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። ዝም ብል ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። «እንግዲያው በሚቀጥለው ስብሰባ ታስረጂናለሽ» ተባልኩ። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ንግግር ብዙም አልችልበትም፣ የቆዳ ባለሙያም አይደለሁም። ከጀመርኩ ገና ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ነው። ስለዚህ የምነግራችሁ ጀማሪ ለጀማሪ የምትነግረውን ያህል ነው።

መጀመሪያ እንዴት እንደገባሁበት ልንገራችሁ። ሐምሌ ለሒሳብ ሠራተኛ ምን ማለት እንደሆነ በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ያለባችሁ ታውቁታላችሁ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የንብረት ቆጠራው፣ ከባንክ ጋር ማስታረቁ፣ የጠፋችውን ሰባት ብር ከሃያ ሳንቲም ፍለጋው ነው። በዚያ ዓመት ማታ ቤቴ ገብቼም ቁጥሩ ዓይኔ ላይ ይሄድ ነበር። እንቅልፍ አጣሁ። ልጄ ሁለት ሦስት ጊዜ ካልጠራችኝ አልሰማትም። አንድ ቀን የእጅ ቦርሳዬ ማንገቻ ተበጠሰና ከሥራ ስወጣ መንገድ ዳር ለሚሠሩ ጫማ ሰፊ ሰጠኋቸው። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ። ሰውየው አንድ ክር ወስደው በሁለቱም ጫፍ መርፌ አስገቡ። በወስፌ ይበሳሉ፤ አንዱን መርፌ ከግራ፣ ሌላውን ከቀኝ በዚያችው ቀዳዳ ያሳልፋሉ፤ ይስባሉ። ደግሞ ይበሳሉ፣ ያሳልፋሉ፣ ይስባሉ። ሲጨርሱ ሩብ ሰዓት አልፏል፤ በዚያ ሩብ ሰዓት ውስጥ ስለ ሰባት ብር ከሃያ አላሰብኩም። ከሰኔ ወዲህ እንዲያ ያለ ሩብ ሰዓት አግኝቼ አላውቅም ነበር።

«ይህን መማር ይከብዳል?» አልኳቸው። ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ለምንሽ ነው?» አሉ። «እንዲያው» አልኩ። ሳቁና ከእግራቸው ሥር ከተከመረው ቁርጥራጭ መዳፍ የምታህል ቆዳ አንስተው ሰጡኝ። «ይህን ስፊ፤ ስትጨርሺ ፍቺና እንደገና ስፊ» አሉኝ። የመጀመሪያ ትምህርቴ ይኸው ነው። እስከ ዛሬም ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠኝ የለም።

አሁን ወደ መሣሪያው ልምጣ፤ ብዙ ሰው የሚፈራው እዚህ ላይ ነውና። ኢንተርኔት ላይ ብታዩ ሃምሳ ዓይነት መሣሪያ ካልገዛችሁ ቆዳ መንካት የማይቻል ይመስላችኋል። እኔም ዝርዝሩን ጽፌ፣ ደምሬ፣ ደንግጬ ተውኩት። ኋላ ሳየው ግማሹ ቤቴ ነበር። ካተር አለ። የብረት ማስመሪያ አለ፤ የፕላስቲኩን ካተሩ ይበላዋልና አይሆንም። ከሥር የሚነጠፍ ያረጀ መክተፊያ አለ፤ ግን አንዴ ለቆዳ ካዋላችሁት ወደ ወጥ ቤት አትመልሱት። ወስፌም ቢሆን ሞሰብና ሰፌድ የምትሰፋ እናት ካለችበት ቤት አይጠፋም። ቀዳዳው እኩል እኩል እንዲሆን ምልክት የሚያደርግ ጥርስ ያለው ብረት ይሸጣል፤ እኔ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት የሠራሁት በምግብ ሹካ ነው። አዎ፣ በሹካ። በማስመሪያው ጠርዝ ሹካውን ጫን ስታደርጉት ጥርሶቹ ነጠብጣብ ይተዋሉ። ከዚያ የመጀመሪያውን ጥርስ በመጨረሻው ነጠብጣብ ላይ አሳርፋችሁ ትቀጥላላችሁ። በየነጠብጣቡ በወስፌ መብሳት ነው። ስፌቱ ትንሽ ሰፋ ይላል እንጂ ቀጥ ብሎ ይወጣል።

የገዛሁት መርፌ፣ ጠንካራ የጫማ ክር፣ ሰም፣ መዶሻና ማስቲሽ ነው። የመርፌዎቹን ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት አደንዝዙት። ቀዳዳው አስቀድሞ ስለሚበሳ የሾለ ጫፍ አያስፈልግም፤ የሾለው ክሩን ይሰነጥቀዋል፣ ጣትንም አይምርም። ክሩን ከመስፋታችሁ በፊት ሁለት ሦስት ጊዜ በሰም ላይ እየጎተታችሁ አሳልፉት፤ ሰም የጠጣ ክር በቀዳዳው ውስጥ ተጣብቆ ይይዛል፣ ቶሎም አይበሰብስም። ማስቲሹን በተመለከተ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፦ መስኮት ሳትከፍቱ አትክፈቱት፤ ከሰል በተያያዘበት ቤት ደግሞ ጨርሶ አትክፈቱት። ሽታው ራሱ እሳት ይስባል። ቡና እያፈላን ማስቲሽ መቀባት የለም።

በሁለት ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ መሣሪያ ብዬ የመዘገብኩት ጠቅላላ ወጪ 2,340 ብር ነው። ደብተሩ ቤት አለ፤ ኦዲተር ቢመጣ አልፈራም።

ቆዳው ግን ከመሣሪያው ይልቅ ማወቅን ይጠይቃል። ሙሉ ቆዳ የሚሸጠው በስኩዌር ፊት ነው፤ አንዱ ስኩዌር ፊት በግምት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ለጀማሪ ሙሉ ቆዳ አያስፈልግም። መርካቶ ሸራ ተራ አካባቢ ጫማ የሚሠሩና የጫማ ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ስላሉ ቁርጥራጭ ይገኛል። እኔ መጀመሪያ ስሄድ ተታለልኩ፤ የሚያብረቀርቀውን መረጥኩና በሁለት ወሩ እንደ ሽንኩርት ተላጠብኝ። አሁን ስገዛ ጀርባውን እገለብጣለሁ፣ የተቆረጠውንም ጠርዝ አያለሁ። እውነተኛ ቆዳ ጠርዙ ላይ እንደ ጭረት ያለ ሥር ይታይበታል፤ ሰው ሠራሹ ከሥሩ በሥርዓት የተሸመነ ጨርቅ አለው።

የእንስሳውም ዓይነት ለየራሱ ነው። የአገራችን የደጋ በግ ቆዳ ስስ ሆኖ ጠንካራ ስለሆነ በውጭ ገበያ ለእጅ ጓንት የሚፈለግ ነው። ለጓንት የሚመቸው ግን ለቀበቶ አይሆንም፤ ይለጠጣል። የፍየል ቆዳ ጥቅጥቅ ያለ ነው፤ የባቲ ፍየል በዚህ ስም ያወጣች ናት። ለገንዘብና ለመታወቂያ መያዣ እኔ የምመርጠው ፍየል ነው፤ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ለእጅ ይመቻል። ለቦርሳ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የከብት ቆዳ፣ ለቀበቶ ደግሞ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ያለው ይሻላል። ቀበቶ ስትቆርጡ በጀርባ አጥንቱ አቅጣጫ ቁረጡ፤ የሆዱ በኩል እየተሳበ ይረዝማል። የባለቤቴ የመጀመሪያ ቀበቶ በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ቀዳዳ ጨምሮበታል። እሱ «ከስቼ ነው» ይላል።

ሌላው ልዩነት አለፋፉ ነው። የፋብሪካዎቻችን ቆዳ አብዛኛው በክሮም የለፋ ነው። ለስላሳ ነው፣ ውኃ ይችላል፤ ጠርዙ ግን ቢታሽ ቢታሽ አይወለወልም፤ ስለዚህ ወይ ማጠፍ ወይ የጠርዝ ቀለም መቀባት ነው። በዛፍ ልጣጭና በመሰለው የለፋው ደረቅ ይላል፤ ውኃ ጠብ ብታደርጉበት ይጠቁራል፤ ጠርዙን አርሳችሁ በሻካራ ጨርቅ ስታሹት እንደ እንጨት ያብረቀርቃል። እኔ የግራር ሙጫ በውኃ አሟሙቼ ጠርዙን እቀባና አሸዋለሁ፤ ያምራል።

ገጹ ላይ ጥቃቅን እባጭ የመሰለ ነገር ካያችሁ ደግሞ እከክ ነው፤ እንስሳው በሕይወት ሳለ ተባይ ያስቀረበት ምልክት ነው። አይበላሽም፣ ቅናሽ ለመጠየቅ ግን ይጠቅማል። የቢላዋ ጭረቱ ግን የእኛው ነው፤ በበዓል ጠዋት እየተጣደፍን ስንገፍ የምንሠራው። በልጅነቴ በበዓል ማግስት «ቆዳ! ቆዳ!» እያሉ የሚዞሩትን ልጆች እንጠብቅ ነበር። አሁን ሌጦው ዋጋ አጥቶ ከቆሻሻ ጋር ሲጣል አያለሁ። «እንግዲያው ራሳችን እናልፋው» የምትሉ ካላችሁ፣ በኮንዶሚኒየም አትሞክሩት፤ ጎረቤት ይፈርዳል። የለፋ ቆዳ መግዛት ይሻላል።

ለመጀመሪያ ሥራ መታወቂያ መያዣ እመክራለሁ። የባንክ ካርድ 8.6 በ5.4 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ከካርቶን ላይ 10 በ7.5 አድርጋችሁ ቅድ አውጡ፤ በዚያ ልክ ሁለት ቆዳ ቁረጡ። ስትቆርጡ በአንድ ጊዜ አትጫኑ፤ ቀስ አድርጋችሁ ሦስት ጊዜ በዚያው መስመር አሳልፉ። ሁለቱን የሥጋውን በኩል ወደ ውስጥ አድርጋችሁ ሦስቱን ጠርዝ ብቻ በስሱ አጣብቁ፤ ካርዱ የሚገባበት አራተኛው ክፍት ይቀራል። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ገባ ብላችሁ መስመር አስምሩ፣ በሹካው ምልክት አድርጉ፣ ብሱ። የሚሰፋው 7.5 ሲደመር 10 ሲደመር 7.5 ነው፤ 25 ሴንቲ ሜትር። ክሩ የስፌቱን አራት እጥፍ ይሁን፤ አንድ ሜትር ይበቃል። አሳንሳችሁ ከቆረጣችሁ መሃል ላይ ያልቅና ታለቅሳላችሁ። በየቀዳዳው ሁለቱም መርፌዎች ያልፋሉ፤ ሁልጊዜ አንዱን መርፌ አስቀድሙ፣ ተራውን አትቀያይሩ፤ ስፌቱ ወጥ የሚሆነው በዚህ ነው። የስፌት መኪና የላይና የታች ክሩን ያቆላልፋል፤ አንዱ ከተበጠሰ እየተተረተረ ይሄዳል። የሁለት መርፌ ስፌት ግን አንዱ ክር ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የእጅ ስፌት ጥንካሬው እዚህ ነው።

እኔ «ቀስ ብላችሁ ቁረጡ» የምለው ከደረሰብኝ ነው። በሁለተኛው ወር ካተሩን ተጭኜ ስጎትት ከማስመሪያው ዘሎ የግራ አውራ ጣቴን ከፈተው። ሦስት ቦታ ተሰፋ። በማግሥቱ ቢሮ ስገባ «ምን ሆንሽ?» አሉኝ። «ሽንኩርት ስከትፍ» አልኩ። ለምን እንደዋሸሁ ያኔ አላሰብኩበትም። የማይሆን ነገር ስሠራ የተያዝኩ መሰለኝ፤ ዲፕሎማ ያላት የሒሳብ ሠራተኛ ጫማ ሰፊ ሆነች እንዳይሉኝ ይሆናል። ቀለበት ሰርታ ብትጎዳ እንዲህ የምትደብቅ አይመስለኝም።

እናቴ እሑድ እሑድ እኔ ዘንድ ትመጣለች። አንድ እሑድ ቀደም ብላ ደረሰች። እኔ ሁለት ጣውላ በጉልበቴ መሃል አጥብቄ፣ በጣውላዎቹ መካከል ቆዳ ይዤ እሰፋ ነበር። ቆማ አየችኝ። «ይህን ማን አሳየሽ?» አለች። ስለ ጫማ ሰፊው ነገርኳት። ቡናውን እንኳ ሳትጠብቅ «ራሴን አሞኛል» ብላ ሄደች። በሚቀጥለው እሑድ አልመጣችም። በዚያኛውም እንዲሁ። ስደውል «ደኅና ነኝ» ትልና ትዘጋዋለች።

በሦስተኛው እሑድ መጣች። ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤ ቀንድ እጀታ ያለው ወስፌ ነው። ከመያዝ ብዛት አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ ጎድጉዷል። «የአባቴ ነው» አለች።

እኔ አያቴን የማውቃቸው ገበሬ እንደነበሩ ነው። እንዲያ ነው የተነገረን። ለካ ሥራቸው ቆዳ ማልፋት ነበር። በሰሜን ሸዋ ገጠር ሌጦውን ዘፍዝፈው፣ በእምቧይ ፍሬ ፀጉሩን አርግፈው፣ ፍቀው፣ በእግራቸው ረግጠው ያለፉ ነበር። የአገሩ ሰው የሚተኛበትን ጀንዲ፣ እህሉን የሚከትበትን ስልቻና አቁማዳ፣ የአልጋውን ጠፍር፣ የበሬውን ምራን የሚሠሩለት እሳቸው ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው ግን አልነበረም፤ «ፋቂው» ነው የሚባሉት። ድግስ ሲጠሩ የሚጠጡበት ዋንጫ ለብቻው ነበር። የሰው ልጅ ሲታመም ሁሉም የሚያየው ወደ እሳቸው ቤት ነው፤ ዓይናቸው ነው ይባላል። እናቴ በ14 ዓመቷ አክስቷ ዘንድ አዲስ አበባ መጣች። አባቷን ለሚጠይቋት ሁሉ «ገበሬ» እያለች ኖረች። ለአባቴም የነገረችው እንዲያው ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሳያውቅ ሞተ።

አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። እናቴ የተወለደችው ከዚያ ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። አዋጁ እነሱ መንደር ሳይደርስ መቅረቱ ነው መሰለኝ። እኔን ደግሞ በሕይወቴ «ፋቂ» ብሎ የሰደበኝ የለም፤ ሆኖም «ሽንኩርት ነው» ብዬ ዋሽቻለሁ። ይህንን ለእናቴ ነገርኳት። መጀመሪያ ዝም አለች፤ ከዚያ ሳቀች፤ ቀጥላ አለቀሰች።

ይህን እዚህ ለመናገር አስፈቅጃታለሁ። መጀመሪያ «ምን አገባቸው!» አለች። ከሳምንት በኋላ ራሷ ደውላ «ስሜን እንዳትጠሪ እንጂ ንገሪያቸው» አለችኝ።

ያን ዕለት ወስፌውን ሰጥታኝ ዝም አላለችም። የምሰፋውን ተቀበለችኝና «ክሩን እንዲህ አይደለም» አለች። የክሩን ጫፍ በካተሩ ጀርባ ፋቅ ፋቅ አድርጋ አሳሳችው፤ ከዚያ በሰም ጠቅልላ በሁለት ጣቷ አሾለችው። እኔ ክሩን በመርፌ ዓይን ለማስገባት ከአምስት ደቂቃ በላይ የሚፈጅብኝ ነበር፤ የእሷ አንዴ ገባ። ከሃምሳ ዓመት ወዲህ ነክታው አታውቅም። እጇ ግን አልረሳም። ልጅ ሆና ጅማት እየፈተለች ለአባቷ ታቀብል እንደነበር ያን ጊዜ ነገረችኝ። ሌጦው ሲረገጥም ከአባቷ ጋር እየረገጠች፣ እግሯ ቆስሎ እንደነበር። ቆዳው ለፋ እንላለን፤ ሰውም ለፋ እንላለን፤ ቃሉ አንድ መሆኑን ያን ዕለት ነው ልብ ያልኩት።

አሁን እሑድ እሑድ አብረን እንሰፋለን። ዓይኗ ደክሟል፤ እኔ እበሳለሁ፣ እሷ ታሳልፋለች። ስለ አያቴ በየሳምንቱ አንድ አንድ ነገር ትነግረኛለች፤ አብዛኛውን የምትናገረው ቀና ሳትል፣ ስፌቱን እያየች ነው።

«ይሸጣል ወይ?» እንደምትሉኝ አውቃለሁ፤ ሦስት ሰዎች አስቀድመው ጠይቀውኛል። እውነቱን በቁጥር ልናገር። ለአንድ መታወቂያ መያዣ ቆዳው፣ ክሩ፣ ማስቲሹና ሰሙ 85 ብር ያህል ይፈጅብኛል። መጀመሪያ አምስት ሰዓት ይወስድብኝ ነበር፤ አሁን ሦስት ሰዓት ተኩል። የራሴን የሰዓት ደመወዝ ስጨምርበት ማንም በማይገዛው ዋጋ ይወጣል። እስካሁን ሦስት ሸጫለሁ፣ አሥራ አንድ ሰጥቻለሁ፣ ስድስት ተበላሽቶብኛል። በሽያጩ ያገኘሁት መሣሪያውን እንኳ አልመለሰም። እኔ የምሠራው እንቅልፌ ስለተመለሰልኝና እናቴ ስለምታወራኝ ነው፤ ያንን በየትኛው የሒሳብ መደብ እንደማስገባው አላውቅም።

ከማኅበራችን ቁጠባ ተበድረን የቆዳ ስፌት መኪና እንግዛ የሚል ሐሳብ መነሣቱን ሰምቻለሁ። ሐሳቡን ያነሡትን አከብራለሁ፤ ግን እንደ ሒሳብ ሠራተኛ ገና ነው እላለሁ። የቆዳ መኪና የልብስ መኪና አይደለም፤ ዋጋውም ጥገናውም ሌላ ነው። የምታሠራውን የምታውቅ እጅ ሳይኖረን ብንገዛት ጥግ ላይ ሸማ ተከናንባ ትቀመጣለች፣ ብድሩ ግን አይቀመጥም። ስድስት ወር በእጃችን እንስፋ። የሚሰለቸው ይሰለቸዋል፤ ነውር የለውም። እጃቸው የተፈታና መሸጥ የሚፈልጉ አራት አምስት እህቶች ከተገኙ ያን ጊዜ የወጪና ገቢውን ሒሳብ ራሴ ሠርቼ አቀርባለሁ።

ንግግሬ ይኸው ነው። ጠረጴዛው ላይ አሥራ ሁለት ቁራጭ የፍየል ቆዳ ቆርጬ፣ ቀዳዳውንም በስቼ አምጥቻለሁ፤ መርፌውም ሁለት ሁለት አለ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ ብትሠሩ ይደርሳል። ዓይናችሁ የሚያስቸግራችሁ እናቶች ወደ መስኮቱ በኩል ተቀመጡ። ማስቲሹን የምንከፍተው ሦስተኛው ቡና ተጠጥቶ ከሰሉ ከወጣ በኋላ ነው፤ እስከዚያ ክሩን በሰም እናሳልፍ።